ጃንጥላ ያለበት ወንበር

አውቶቡስን የሚያማ ሰው ውሸታም አይባልም። ይዘገያል፣ ያጨናንቃል፣ አሁን የተጠረገ ጫማ ያስረግጣል፤ ዝናብ ሲመጣ በመስኮቱ ያፈስሳል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ያው መስኮት አልከፈት ይላል። አጠገብህ የቆመው ሰው ቁርስ ምን እንደበላ ሳትጠይቀው ታውቃለህ። ይህን ሁሉ ባለጃንጥላዋ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ስትሳፈረው ኖራለች፣ ቀን ደግሞ ሆድ ዕቃውን ገልብጣ ትሰፋዋለች። ሥራዋ በአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ውስጥ የተቀደደ ወንበር መጠገን ነው። ቢሆንም ከዛሬ ሦስት ወር በፊት አንድ ሰው "አውቶቡስ ምን ይጠቅማል?" ብሎ ቢጠይቃት መልሷ አጭር ነበር። መኪና ያለው ሰው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ግን ከማያውቀው ሰው ጎን አርባ ደቂቃ የሚያስቀምጠው የለም። እሷን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ አስቀምጧታል። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቋት፣ ከመልሱ በፊት እንባዋ ይቀድማት ነበር።

ስሟን ያወጡላት የጠዋቱ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከመነሻው ፌርማታ ስለምትሳፈር ወንበር የመምረጥ ዕድል አላት፤ ከሹፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። ጥቁሩ፣ የእንጨት እጀታ ያለው ጃንጥላ የአባቷ ነው። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያው ድርጅት ሹፌር ነበሩ፤ ሰማይን የሚያምን ሰው በስብሶ ይገባል እያሉ ነው ያሳደጓት። ስለዚህ ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላው ከእጇ አይለይም።

ነገሩ የጀመረው በጄሶ ነው። አንድ ጠዋት አራተኛው ፌርማታ ላይ፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ፣ በሁለት ክራንች የተንጠለጠለ፣ ሱፉ የተተኮሰ ሰው ተሳፈረ። ከዚያ ፌርማታ ጀርባ ያሉት ቤቶች አጥራቸው ረጅም፣ በራቸው የብረት ነው፤ ከዚያ ሰፈር አውቶቡስ የሚሳፈሩት የቤት ሠራተኞችና አትክልተኞች ብቻ ናቸው። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው፤ የተነሳለት ግን አልነበረም። የሚያየውን እንዳላየ ለመሆን እንቅልፍ የወሰደው ሰው ብዛት ያስቅ ነበር። ባለጃንጥላዋ ተነስታ አስቀመጠችውና እስከ መጨረሻው ቆማ ሄደች። በማግስቱ ደግሞ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጃንጥላዋን አጋድማ "ሰው አለው" ስትል ዋለች፤ ሰውየው ሲሳፈር አነሳችለት።

የጥርስ ሐኪም ነው። ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ግራ እግሩን ተሰበረ፤ መኪናውን መንዳት አይችልም፣ የቤቱ ሹፌር ደግሞ በዚያ ሰዓት እናቱን ወደ ሱቆቻቸው ያደርሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት የተሳፈረው ቸግሮት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እናቱ ሌላ ሹፌር ሊቀጥሩለት ሲነሱ፣ አውቶቡሱ ይሻለኛል አላቸው። እናቱም ልጃቸው ከደረጃው ሲወድቅ የተመታው እግሩን ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠሩ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። መጀመሪያ ስለ እግሩ ጠየቀችው። ቀጥሎ እሱ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ለምን እንደምትሸፍን ጠየቃት። ከፊት ያለች አንዲት ጥርሷ ጎረቤቷ ላይ ደረብ ብላ የበቀለች ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታፍርባታለች። ሐኪሙ ጥርሷን አተኩሮ አየና፣ "እሷን ጥርስ ማንም እንዳይነካት፤ እኔም ብሆን" አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ አፏን መሸፈን ተወች። እሷ ደግሞ ወንበር ማንበብ አስተማረችው፤ በጀርባ ኪሱ ቁልፍ የሚይዝ ሰው የቱ ጋ እንደሚቀድ፣ ሐሳብ ያለበት ሰው ስፖንጁን እየቆነጠረ እንዴት እንደሚጨርሰው። "እርስዎ" ብላ ጀምራ "አንተ" ለማለት ሁለት ወር ፈጀባት። ያለችውም አስባ አልነበረም፤ አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ክንዱን ጨብጣ "አይዞህ" ብላው ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ሙሉ ታካሚ እያከመ ያቺን አንዲት ቃል ሲያመነዥክ ዋለ።

የአውቶቡስ ትልቁ ጉድ ግን መጨናነቁ አይደለም፤ ጆሮው ነው። ከኋላቸው የምትቀመጠውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተሳፋሪው "ሬዲዮ" ይላታል፤ ጠዋት የሰማችውን ምሳ ሰዓት ላይ ታስተላልፋለች። ልብ ያለውን አፍ መናገር ሲያቅተው ነገሩ ወደ ወረቀት ዞረ። የባለጃንጥላዋ መደገፊያ በጎን በኩል ስፌቱ አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሮ ነበር። እሷ በአሥር ሰዓት ከሥራ ስትመለስ በዚያው አውቶቡስ፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ የታጠፈች ወረቀት እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትሸጉጣለች። እሱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ክሊኒኩን ዘግቶ ሲሳፈር ያወጣታል፤ የራሱን ይተካል፤ እሷ በማግስቱ ጠዋት ታገኘዋለች። ወንበሩ ሰው ከያዘው "ይቅርታ፣ ቁልፍ ወድቆብኝ ነው" እያለ ያጎነብሳል። አራት ወር እንዲህ ተጻጻፉ። ሥራዋ ቀዳዳ መድፈን የሆነች ሴት፣ መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ፣ ያቺን አንዲት ቀዳዳ አራት ወር ሙሉ ሳትነካት ቀረች።

ጄሶው ተፈታ፤ ክራንቹ ቀርቶ ምርኩዝ ተተካ። ምርኩዙ ግን ከሚገባው በላይ የቆየ ይመስላል። ስለ ነገ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሷ የረጅሙን አጥር ቁመት ታውቀዋለች። ከክሊኒኩ ፌርማታ ወዲያ ያለውንም ዓለም አሳይታው አታውቅም፤ እሱ ክሊኒኩ ጋ ይወርዳል፣ እሷ እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ እስከ ጋራዡ ድረስ ትሄዳለች። በዘይት የጠቆረውን ግቢ፣ በስፖንጅ ብናኝ የነጣ ፀጉሯን እንዲያይባት አልፈለገችም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ከፍቶት ተሳፈረ። ማታ እናቱ እንግዶች እንደጠሩ፣ ሹፌሩ ከክሊኒክ መጥቶ እንደሚወስደው፣ በአውቶቡስ እንደማይመለስ ነገራት። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ለጋብቻ የደረሰች ሴት ልጅ ያላቸው እንግዶች እንደሆኑ ዓይኑን ሲሰብር ገብቷታል። የዚያን ቀን ወረቀትም አልሸጎጠችም፤ የሚወስደው ከሌለ ለማን ብላ። ክሊኒኩ ጋ ሲወርድ ዞሮ አያት፤ አንድ ነገር ሊላት ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ሬዲዮ ወደ ፊት አዘነበለች፤ በሩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ሰባት ቁጥር ከሌሎች ሁለት አውቶቡሶች ጋር ጋራዥ ገባ። የሦስቱም መደገፊያዎች ተፈትተው በአንድ ላይ ተቆለሉ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ከራስጌዋ ቆመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለች ሌላውን ስትመክር የኖረች ሴት፣ የዚያን ቀን የትኛው መደገፊያ ከየትኛው አውቶቡስ እንደወጣ ሳትመለከት የተተረተረውን ሁሉ ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው።

ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ጎን ስትሰድ ቀዳዳው የለም። የስፌቱን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ሁለት ቋጠሮ። ከሠራተኛው ሁሉ ሁለት ጊዜ የምትቋጥር እሷ ብቻ ናት። የገዛ እጇ ሥራ መሆኑን ስታውቅ ሳቋ መጣ። ዓርብ ማታ እሱ ስላልተሳፈረ ውስጡ ምንም ሊኖር አይችልም። "ፖስታ ቤታችንን ዘጋሁብህ" ልትለው፣ ሌላ ቀዳዳ አብረው ሊፈልጉ፣ ጃንጥላውን ከጎኗ አጋድማ አራተኛውን ፌርማታ መጠበቅ ጀመረች።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ግን አንዲት ሴት መንታ ይዛ ተሳፈረች፤ አንዱን አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ፣ ፊቷ በላብ ርሶ። ሰው ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ ነገር አገኘ። ባለጃንጥላዋ ጃንጥላውን አነሳችና አስቀመጠቻት። ሐኪሙ ዛሬ አንድ ቀን ቢቆም ምንም አይል ብላ አሰበች።

አራተኛው ፌርማታ ላይ ቆሟል። ምርኩዝ የለም። ሸሚዙ አዲስ ነው። በመስኮቱ አየችውና ፈገግ አለች፤ እሱ ግን የሚያየው እሷን ሳይሆን ጎኗን ነበር። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ገባ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። ትኬት ቆራጩ "ዶክተር፣ አይሳፈሩም?" ሲለው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ቀረ። ልቧ ስንጥቅ አለ። ለምን እንደሆነ እንኳን አላወቀችም፤ ይህ ደግሞ ከስንጥቁ ይብስ ነበር።

በማግስቱ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ግራጫ መኪና ከአውቶቡሱ ጎን አለፈ፤ መሪው ላይ እሱ ነው። ሬዲዮ ከኋላ "እግሩ ሲድን መኪናው ትዝ አለው" ብላ ለጎረቤቷ ስታስተላልፍ ባለጃንጥላዋ ጆሮ ላይ ደረሰ። ቅስሟ ተሰበረ። እስከ ጄሶው ድረስ ብቻ ነበር ለካ የምፈለገው አለች። ቤቷ ገብታ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስቱንም ቀደደች። ኩራት ከድህነት ጋር ሲቀመጥ ቦታ ይወስዳል፤ ለሌላው ነገር መቆሚያ አይተርፍም።

ጃንጥላውን ከዚያ ወዲህ ጭኗ ላይ ትይዘው ጀመር። ከጎኗ የተቀመጠው ሁሉ ጥፋት የሌለበት ሰው ነበር፤ እሷ ግን በእያንዳንዱ ትከሻ የሌላውን ትከሻ ስትፈልግ ትደርሳለች። አራተኛው ፌርማታ ሲቃረብ፣ አይመጣም ብላ እየማለች፣ ዓይኗ ቀድሟት ይወርዳል። አንዳንዴ ስትደገፍ ከመደገፊያው ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ትሰማለች። ያረጀ ስፖንጅ ነው ብላ ታልፈዋለች። ባለሙያ የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

አንድ ጠዋት መብራት ላይ ግራጫው መኪና ከመስኮቷ ሥር ቆመ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከጎኑ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው። ፊቱ ከስቷል፣ ዓይኑ የሚለምን ይመስላል። ነገር ግን ትቶኝ ሄዶ አሁን ደግሞ በመስታወት ውስጥ ሊያዝንልኝ ነው አለችና ፊቷን ወደ ሌላው ጎን አዞረች። እሱም ያን ሲያይ፣ መልሷ ሁለተኛ ጊዜ እንደተነገረው ቆጥሮ መሪውን ጨበጠ። አረንጓዴው በራ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ተጎድተው ሄዱ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሰባት ቁጥር ወንበሮች በሙሉ ወጥተው በአዲስ ፕላስቲክ ይተኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። አሮጌዎቹ ጨርቃቸው ይገፈፋል፣ ብረታቸው ይቆለላል። ባለጃንጥላዋ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ። የሁለት ቋጠሮውን ክር በምላጭ በጠሰችው። ጨርቁን ወደ ኋላ ስትገፈው አንድ የታጠፈ ወረቀት ከስፖንጁ ጎን ወጥቶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ከፊት ገጹ ላይ የክሊኒኩ ማኅተም፣ ከሥሩ የምታውቀው፣ ዓይኖቿ የናፈቁት ጽሕፈት።

"ዛሬ አልሳፈርም ብዬሽ ነበር። ተሳፍሬያለሁ። ሹፌሩን በሥራ ተይዟል በላቸው ብዬ መለስኩት፤ ይህን ካንቺ ወንበር ውስጥ ሳላኖር እዚያ ማዕድ መቅረብ አቃተኝ።

እግሬ ከዳነ ሰባት ሳምንት ሆነው። ምርኩዙን የያዝኩት ለጤነኛ ሰው ጃንጥላ አይቀመጥለትም ብዬ ፈርቼ ነው። ውሸታም በይኝ።

እናቴ መኪናህን አውጣ እያለችኝ ነው። መኪናዬ ውስጥ ማንም እግሬን አይረግጠውም። ማንም ደግሞ ቦታ ይዞ አይጠብቀኝም። በአፌ ልጠይቅሽ ብዙ ቀን ሞከርኩ፤ ድፍረቴ ሁለት ፌርማታ እንኳን አልዘለቀም። ስለዚህ እንዲህ ይሁን። ሰኞ ጠዋት ያለ ምርኩዝ እቆማለሁ። ጃንጥላሽ እንደወትሮው ከጎንሽ ካለ፣ የዚያኑ ዕለት ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ከዚያ አባትሽ ፊት እቀርባለሁ። ቦታዬን ለሌላ ሰው ከሰጠሽው ግን ገብቶኛል፤ አልሳፈርም፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም። አንቺ ሰውን ፊት ለፊት ማስቀየም ስለማትችዪ ነው እንዲህ ያቀለልኩልሽ።

ያቺን ጥርስሽን አደራ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ማንበብ አልቻለችም፤ ፊደሉ በእንባዋ ውስጥ ይዋኝ ጀመር። አለቃዋ ምን ሆንሽ ሲላት ብናኝ ዓይኔ ገባ አለችው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እሷ ግን የያዘችውን እንኳን አላወቀችም፤ ተደግፋው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ ትቶኛል እያለች ስታለቅስ፣ "አልተውሽም" የሚለው ወረቀት ከጀርባዋ ኮሽ ኮሽ ሲል ነበር።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ መነጽራቸውን ሰክተው ድንች ይልጡ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከጄሶው ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቢላዋውን ሳያስቀምጡ አዳመጡ። በመጨረሻ፣ አሁን ጊዜው እንዳለፈ፣ ክሊኒኩ ሄዳ ብትቆም ሀብቱን ፈልጋ መጣች እንደምትባል፣ እሱም በዚህ መካከል ታጭቶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረች።

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ነዳሁ" አሉ አባቷ። "ፌርማታ ላይ ቆሞ እጁን ላላነሳ ሰው አቁሜ አላውቅም። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ መሄድ መፈለጉን በምን አውቃለሁ? ይህ ልጅ አንዴ እጁን አንስቷል፤ ሳታዪው አለፍሽው። አንቺስ አንስተሽ ታውቂያለሽ?"

"አባዬ፣ እነሱ ሀብታሞች ናቸው።"

"አውቶቡሴ ላይ የሀብታም ትኬትና የድሀ ትኬት ለየብቻ ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም" አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። ያን ሌሊት ጃንጥላው አልጋዋ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አደረ።

ሰኞ ጠዋት ሰባት ቁጥር ሰማያዊ ፕላስቲክ ወንበሮቹን ለብሶ መጣ፤ ደረቅ፣ የሚያንሸራትቱ፣ የሚሰፋም የሚሸጎጥም ነገር የሌለባቸው። ባለጃንጥላዋ ሁለት ትኬት ቆረጠች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጃንጥላውን ከጎኗ አጋደመችው። ከሦስት ወር በኋላ ያንን ያዩት የድሮ ተሳፋሪዎች ተያዩ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አውቶቡሱ ሞላ። ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ጃንጥላውን በዓይኑ እያሳየ ዕቃ ወንበር ይይዛል ወይ ብሎ ቢጠይቃት፣ "ሰው አለው" አለችው። ሰውየው ምንም ሰው አላየሁም ብሎ ሲነጫነጭ ከኋላ ያልታሰበ ድምፅ መጣ። "ሰው አለው ተብሏል እኮ፤ ሁለት ትኬት ሲቆረጥ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች ሬዲዮ። ሰውየው ቦርሳውን አቅፎ ወደ ኋላ አለፈ።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት እናት፣ ዕድሜ ያጎበጣቸው፣ በር ላይ ያለውን ብረት ይዘው በስንት መከራ ወጡ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን አየ። ባለጃንጥላዋም አየችው። ያኔ ያልመጣላት ነገር አሁን መጣላት፤ ከራሷ ወንበር ተነስታ "እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ" ብላ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻቸው። እሷ ቆመች። ጃንጥላው ከቦታው አልተነሳም።

አራተኛው ፌርማታ ላይ ማንም አልነበረም። እሷም እንደማይኖር ታውቅ ነበር፤ ማወቅና መቀበል ግን አንድ አይደሉም። አውቶቡሱ ተነሳ። መብራቱ ጋ ሲደርስ ቀይ ያዘው፤ ግራጫው መኪና ከጎን መጥቶ ቆመ። ሐኪሙ ወደ ፊት ብቻ ነበር የሚያየው። ሦስት ወር ሲያይ ቆይቶ ማየት የተወ ሰው ነው። አንኳኩታ አይሰማ፣ ተጣርታ አይደርስ። "ይቅርታ እማማ" አለችና በሴትየዋ ላይ ተንጠራርታ መስኮቱን ገፋችው። አውቶቡሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታ ዋለላት፤ መስኮቱ ተከፈተ። ጃንጥላውን ከወንበሩ አንስታ ወደ ውጭ አወጣችው፤ ደመና በሌለበት ጠዋት፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሐል፣ ዘረጋችው።

ሞተር ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ሳቀ። አንድ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። ሐኪሙ ቀና አለ። ጃንጥላውን አየ፤ ከጃንጥላው በላይ የእሷን ፊት አየ። ይህን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። አረንጓዴው በራ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጮኹ፤ ግራጫው መኪና ተነሳና ከዓይኗ ተሰወረ።

ጃንጥላውን አጥፋ መልሳ ወንበሩ ላይ አጋደመችው። እጄን አንስቻለሁ አለች በልቧ፤ ማቆም የእሱ ነው።

አምስተኛው ፌርማታ ላይ ግራጫው መኪና ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ በሩ እንኳን በቅጡ አልተዘጋም። ሐኪሙ ከፌርማታው ምሰሶ አጠገብ ቆሞ እጁን አንስቷል። ትኬት ቆራጩ ሳይጠየቅ መንገድ አስለቀቀለት። መጥቶ ፊቷ ቆመ። ሁለቱም ቆመው፣ መሐላቸው ጃንጥላ የተኛበት ወንበር። ተቀመጪ አላት፤ ተቀመጥ አለችው። "ልጆቼ፣ አንዳችሁ ተቀመጡ እንጂ፤ ሰው ቆሟል" አሉ መስኮቱ ጋ ያሉት እናት። ጃንጥላውን አነሳችለት፤ ተቀመጠ።

ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። እጥፋቱ ላይ የስፌት ክር ቁራጭ እንደተጣበቀ ነበር።

"ቅዳሜ ነው ያገኘሁት" አለች። "ያን ጊዜ እኔው ራሴ ሰፍቼበት ነበር። ዓርብ እንደተሳፈርክ አላወቅሁም።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ክሩን አየ፣ እሷን አየ። ነገሩ ገብቶት እስኪጨርስ ፊቱ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። "ቦታውን ግን ሰጥተሽው ነበር" አለ። "አይቻለሁ።"

"መንታ ይዛ ነበር።" ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም፤ ማንም ቢሰማ ግድ አልነበራትም። "ቦታ የምሰጥ ሰው መሆኔን ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አንተንስ ያገኘሁህ ወንበሬን ሰጥቼ አይደለም?"

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እጇን አኖረችበት። ሦስት ወር በየሰው ትከሻ ስትፈልገው የኖረችው ይህ ነበር። ከኋላ ሬዲዮ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች።

"እነዚያ እንግዶችስ?" አለች ባለጃንጥላዋ ትንሽ ቆይታ።

"እራታቸውን በልተው ሄዱ" አለ። "ማታ ከእናቴ ጋር ብዙ ጸብ አለኝ። እሺ የምትል አይመስለኝም።"

"አባቴ ግን ይጠብቁሃል" አለችው።

አውቶቡሱ ቆመ። ከበሩ ውጭ ክሊኒኩ፣ የጥርስ ሥዕል ያለበት ሰሌዳው፣ ጠዋት የመጡ ታካሚዎች ደረጃው ላይ። ትኬት ቆራጩ "ዶክተር፣ ደርሰናል" አለ። ሐኪሙ አልተነሳም። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ ጠበቀ፤ ማንም አልጮኸበትም። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

"ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ አላውቀውም" አላት።

"ዘይት የበዛበት ነው" አለች፤ ፀጉሬም ማታ ማታ በብናኝ ነጭ ይሆናል ልትል አስባ ተወችው፤ ራሱ ያየዋል። በአንድ እጇ ጃንጥላውን፣ በሌላው ትከሻውን ይዛ ስለቆመች ፈገግ ስትል አፏን የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም።